ተጨማሪ መረጃ፦ ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገርን በቀስት ማሳየት

ኤልሳት በአሜሪካና በካናዳ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለመግባት የሚወሰድ ፈተና ነው። የሎጂክ ጨዋታ ክፍሉ ከኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢቀርም፣ ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገሮች በአመክንዮ ጥያቄዎች ውስጥ አሁንም ይመጣሉ። እነዚህን በቀስት ስናሳይ፣ ቀስቱ ከበቂው ሁኔታ (መሟላቱ ሌላውን ከሚያረጋግጠው) ተነሥቶ ወደ አስፈላጊው (ያለ እርሱ ሌላው ሊሆን ወደማይችለው) ይጠቁማል።

«ይግባኝ የሚሰማው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ከቀረበ ብቻ ነው» ለሚለው እንዲህ ይጻፋል፦

ይግባኙ ተሰማ → በጊዜው ቀርቧል

ሁለቱንም ወገን አሉታዊ አድርገን ቦታቸውን ስናለዋውጥ ሌላ እውነት እናገኛለን፦

በጊዜው አልቀረበም → አይሰማም

ፈታኞች ወጥመድ የሚያስቀምጡት እዚህ ላይ ነው። «በጊዜው ቀርቧል፤ ስለዚህ ይሰማል» ማለት ስሕተት ነው፤ በሌላ ምክንያት ውድቅ ሊሆን ይችላልና። «አልተሰማም፤ ስለዚህ ዘግይቷል» ማለትም እንዲሁ አያስኬድም።

«ብቻ» የሚለው ቃል አስፈላጊውን ሁኔታ ስለሚያመለክት፣ አብሮት ያለው ሐሳብ ከቀስቱ ጫፍ ይቀመጣል። «ካልሆነ በቀር» ሲመጣም እንደዚያው ነው፦ «ውሉ ካልተፈረመ በቀር ክፍያ የለም» ሲባል፣

ክፍያ ተፈጸመ → ውሉ ተፈርሟል

ውሉ መፈረሙ ግን ብቻውን ለክፍያው ዋስትና አይሆንም።