ሠራዊታቸውን ያሰናበቱት መሪ

አንድ አገር የጸጥታ ጥበቃዋን መንገድ እንድትለውጥ የመሪዋ ቃል ብቻ ይበቃልን? ይህን ለመረዳት የሚሻ ወጣት በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘውን የትንሿን ሬፑብሊክ የኮስታ ሪካን ታሪክ ቢመለከት ይጠቅመዋል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በማርች 1948 የአገሪቱ ምክር ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ውጤት በመሰረዙ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ሆሴ ፊጌሬስ የሚባሉ ባለእርሻ ሰው አስታጥቀው ከመንግሥቱ ሠራዊት ጋር 44 ቀን ያህል ተዋጉና አሸነፉ፤ በሜይም ወር ጊዜያዊውን መንግሥት መምራት ጀመሩ።

ድል ያደረገ የጦር አለቃ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ የራሱን ጭፍሮች በተሸነፈው ሠራዊት ሰፈር ያስገባና አዲስ ሠራዊት ይላቸዋል። ፊጌሬስ ግን ዲሴምበር 1 ቀን 1948 በዋናው ከተማ በሳን ሆሴ ወደሚገኘው ወደ ቤላቪስታ የጦር ሰፈር ሄደው ሕዝብ እያየ ግንቡን በመዶሻ መቱ። ሕንፃው ቤተ መዘክር እንዲሆንም ቁልፉን ለትምህርት ሚኒስትሩ አስረከቡ። ሠራዊቱ ፈረሰ፤ ጸጥታ የማስከበሩ ሥራ ለፖሊስ ተሰጠ።

ይህን ያደረጉት ሰላም ወዳድ በመሆናቸው ብቻ ነው ማለት የዋህነት ነው። የተሸነፉት ወገኖች ነገ ሠራዊቱን መልሰው መሣሪያ እንዳያደርጉት ማሰባቸው አይቀርም።

ፈተናው ግን አልዘገየም። አሥር ቀን ያህል እንዳለፈ ተቃዋሚዎቻቸው ከኒካራጓ ተነሥተው ወሰን ጥሰው ገቡ። ሠራዊቱን ያሰናበተ መንግሥት ታዲያ ምን ያድርግ? ኮስታ ሪካ በሪዮ ውል ተማፀነች። ይህ ውል በአንዱ የአሜሪካ አገር ላይ የሚደረገው ጥቃት በሁሉም ላይ እንደ ተደረገ ይቈጠራል የሚል ሲሆን፣ የጸናው ገና በዚያው በዲሴምበር ወር ነበር። የአሜሪካ መንግሥታት ድርጅትም መርማሪዎች ላከ፤ ሁለቱ ጎረቤቶች በፌብሩዋሪ 1949 የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ።

ሁለተኛው ፈተና ከቤት ውስጥ መጣ። በአፕሪል 1949 የፊጌሬስ የራሳቸው የጸጥታ ሚኒስትር ኤድጋር ካርዶና ዐምፀው ያንኑ የቤላቪስታን ሰፈር ያዙ። በመዶሻ የተመታው ግንብ ለካ ገና ለዐመፅ ያገለግል ኖሯል! ነገሩ ብዙም ሳይቆይ ከሸፈ፤ ሆኖም አዋጅ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ያስረዳ ይመስለናል።

አዋጁን ያጸናው በኖቬምበር 1949 የወጣው ሕገ መንግሥት ነው። በ12ኛው አንቀጽ ሠራዊትን ቋሚ ድርጅት እንዳይሆን ከልክሎ፣ በአህጉሩ ስምምነት ወይም ለአገር መከላከያ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲቋቋም ፈቀደ። ሕግ የሚያረቅቁ ወጣት ሹማምንት ይህን አንቀጽ ቢያጠኑት መልካም ነው፤ በሩን ዘጋ እንጂ አልደፈነውም። በዚያው ወር ፊጌሬስ ሥልጣናቸውን ውጤቱ ተሰርዞባቸው ለነበሩት የምርጫው አሸናፊ ለኦቲሊዮ ኡላቴ አስረከቡ። ተተኪው ያልደፈረሰውን ሕግ የተረከበው በዚህ መንገድ ነበር።

በጃንዋሪ 1955 ፊጌሬስ ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሆነው ሳሉ ወራሪ እንደገና ከኒካራጓ በኩል መጣ። የአሜሪካ መንግሥታት ድርጅት ጣልቃ ገባ፤ ዩናይትድ ስቴትስም አራት የጦር አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸውን በ1 ዶላር ሸጠችላቸው። ወራሪዎቹ ሲባረሩ ሠራዊት እናቋቁም ተብሎ አልተወሰነም።

የቤላቪስታ ሰፈር ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። በ1948 ጦርነት ጥይት የበሳው ግድግዳ እስከ አሁን ይታያል።