«መረጃ»ና «ማስረጃ»፤ የዲጂታል ማስረጃ ምርመራን ለሚጀምር ሰው የሚያስፈልጉ ስያሜዎች

በሐዲያ ዞን የሻሾጎ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቦኖሻ አንድ ወጣት የዲጂታል ማስረጃ ምርመራን ልማር ብሎ ቢነሣ ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል። በቤቱ የሚነጋገረው በሀዲይሳ ነው፤ የሙያው መጻሕፍትና መሣሪያዎች ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው፤ ሥራው የሚመራበት የፌዴራል ሕግ ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ ግን በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የበላይነቱ የአማርኛው ነው። እንግዲህ በዚህ መስክ የአማርኛ ስያሜ ለጌጥ የሚፈለግ አይደለም፤ ሰው ሊታሰርበትም ሊፈታበትም ይችላል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የመረጥናቸውም ጀማሪው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚሠራው ሥራ ጋር አብረው ስለሚመጡ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው «መረጃ»ን ከ«ማስረጃ» መለየት ነው። በዕለት ንግግር ሁለቱ ሲቀያየሩ እንሰማለን፤ ቅርጻቸው ግን ልዩነታቸውን ይናገራል። ከ«ተቀመጠ» «መቀመጫ»፣ ከ«አስቀመጠ» «ማስቀመጫ» እንደሚገኝ ሁሉ፣ ከ«ተረዳ» «መረጃ»፣ ከ«አስረዳ» «ማስረጃ» ይገኛል። መረጃ ሰው ራሱ የሚረዳበት ነው፤ ማስረጃ ግን ሌላውን የሚያስረዳበት ነው። ዳኞች «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አስረድቷል» ብለው ሲጽፉ ግሡን የሚይዙት በዚሁ ፍቺው ነው። በስልክም ሆነ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሁሉ አስቀድሞ መረጃ ነው፤ ከየት እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈና እንዳልተለወጠ ለሌላ ሰው ማሳየት እስኪቻል ድረስ ማስረጃ አይሆንም። የሙያው ትምህርት በሙሉ ከመጀመሪያው ቃል ወደ ሁለተኛው የሚያደርስ መንገድ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም።

ይህ የሚሠራው ለኮምፒዩተር ወንጀል ብቻ አይደለም። አንድ የቦኖሻ ነጋዴ በርበሬ በዱቤ ሰጠ እንበል፤ ተበዳሪው ዕዳውን በስልክ መልእክት አምኗል። ነጋዴው የመልእክቱን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ቢያቀርብና ተከራካሪው «ተቀነባብሮ የተሠራ ነው» ቢል፣ ፎቶው ለነጋዴው ወገን መረጃ ሆኖ ይቀራል። ስልኩ ራሱ ሳይነካካ ከቀረበ ግን ነገሩ ይለወጣል። «እስቲ ልየው» ብሎ ስልኩን የሚያገላብጥ ቅን ረዳት ሳያውቅ ጊዜ አመልካቾችን ይለውጣል፤ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸውም በተንኮል ሳይሆን በእንዲህ ያለ ቅንነት ነው።

ጀማሪው በሰው ስልክ አይለማመድም። አንድ አሮጌ ፍላሽ፣ ሁለት ሦስት የራሱ ፋይሎችና እንደ አውቶፕሲ ያለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይበቁታል። ከፋይሎቹ አንዱን ይሰርዝና ከፍላሹ ላይ መልሶ ያግኘው። በመጀመሪያ ግን ቅጂ ያውጣ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው «ምስል» የሚል ስያሜ ይሰጣል፤ በቀጥታ ቢመለስ ተማሪው ፎቶግራፍ ይመስለዋል። «ግልባጭ»ም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተያዘ ቃል ነው። እኛ «ሙሉ ቅጂ» የሚለውን እንመርጣለን። «ቅጂ» ከ«ቀዳ» የመጣ ነው፤ ውኃም መጽሐፍም ይቀዳል። ሆኖም የብራና ጸሐፊ ሲቀዳ የተሳሳተውን ሊያርም ይችላል፤ ይህኛው ቅጂ ግን ስሕተቱንም፣ ባዶ የሚመስለውንም ቦታ ቢት በቢት እንዳለ ይወስዳል። በሚቀዳበትም ጊዜ በዋናው ላይ አንዳች እንዳይጻፍ የሚያግድ መሣሪያ ይሰካል፤ ይህን «ጽሕፈት ከልካይ» ብንለው ሥራውን ይገልጻል።

ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑ የሚታወቀው በስሌት በሚገኝ ቁጥር ነው። ኤስ ኤች ኤ-256 የተባለው ስሌት የፋይሉ መጠን ምንም ያህል ቢሆን 64 ምልክቶች ያሉት ውጤት ይሰጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። «ማኅተም» እንበለው ወይስ «አሻራ»? ማኅተም ከውጭ በሌላ ሰው የሚደረግ ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ከዕቃው ከራሱ ይወጣልና «አሻራ» ይሻላል። ጉድለት አለው፤ የሰው አሻራ ሰውዬው ቢታመምም ቢያረጅም አይለወጥም፣ ይህኛው ግን ዋጋው በመለወጡ ላይ ነው። ቢሆንም የፖሊስ ባልደረባም ዳኛም ወዲያው የሚቀበለው ቃል ነው።

አሁን ወደተሰረዘው ፋይል እንመለስ፤ ቋንቋችን ባለጸጋ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ነው። «ሰረዘ» ማለት በጽሑፍ ላይ መስመር ማስመር ነው፤ የተሰረዘ ቃል ከመስመሩ ሥር ሊነበብ ይችላል። በብዙ ማከማቻ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ፋይሉ ከዝርዝር ይወጣል እንጂ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። ሌላ ሲጻፍበት ግን «ተፋቀ» እንላለን፤ ብራና ተፍቆ በላዩ እንደሚጻፍ ማለት ነው። ዕቃው ራሱ ሲሰባበር ወይም ሲቃጠል «ተደመሰሰ» ይባል። እነዚህን ሦስቱን «ጠፋ» በሚል አንድ ቃል የሚተረጉም ሰው መልሶ ሊገኝ የሚችለውን ፈጽሞ ከማይገኘው ጋር ያዳብላል። ልብ ይሏል፤ በኤስ ኤስ ዲ ማከማቻ ዕቃው ራሱ የተሰረዘውን ቦታ ቀድሞ ሊፍቅ ስለሚችል ተማሪው ሁልጊዜ አይሳካለትም።

ማስረጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚያዘውን ተከታታይ መዝገብ አንዳንዶች «የጥበቃ ሰንሰለት» ይሉታል። የትርጉም ሽታው አለቀቀውም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ግን ሞዴል 19ን በገቢ፣ ሞዴል 22ን በወጪ ሲያስፈርም የኖረ ነውና «ርክክብ» ለሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። «የርክክብ መዝገብ» ብንል አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ቀንና ሰዓት ሁሉ አብረው ይመጣሉ።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 «የኮምፒዩተር ዳታ» ብሎ የውጩን ቃል መያዙን አንነቅፍም፤ «መረጃ» በሌላ ፍቺ ተይዟልና። «ደራሽነት» ስለሚለው ግን እንዲያ ለማለት እንቸገራለን። አዋጁ ቃሉን ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትንና መሰል ድርጊቶችን ለመግለጽ ወስዶታል፤ ያለፈቃድ ሲሆንም «ሕገ ወጥ ደራሽነት» ብሎታል። ጎርፍ በሚያሰጋው በሻሾጎ ደራሽ ሲባል የሚታሰበው ውኃው ነው፤ ወይም ለችግር የሚደርስ ወገን ነው። ተከሳሽ በአስተርጓሚ በኩል «ያለፈቃድ ደረስህ» ቢባል ምን እንደሠራ አይገባውም። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ቃሉን መጠቀም ግድ ነው፤ አስተርጓሚው ግን «ያለፈቃድ ገብተህ» ብሎ ማብራራቱን እንዳይረሳ እናሳስባለን።

የሙያው መጠሪያ የሆነው «ፎረንሲክ» ከላቲኑ «ፎሩም» የተገኘ ነው፤ ገበያም ችሎትም የሚዋልበት ሥፍራ ነበር። የእኛው «አደባባይ»ም እንዲሁ የሕዝብ መሰብሰቢያም የፍርድ ቦታም ሆኖ ኖሯል። ዝምድናው ያጓጓል፤ ዳሩ ግን «የአደባባይ ምርመራ» ቢባል ዛሬ የሚሰማው በሕዝብ ፊት የሚደረግ ምርመራ ነው። ስለዚህ «ፎረንሲክ»ን እንዳለ ትተነዋል፤ ለጀማሪው «የዲጂታል ማስረጃ ምርመራ» የሚለው ይቀለዋል።