ትንንሽ ደስታዎቻችንና የነገው ሥራችን



ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ከዚህ ላይ ክፍል የምንውልበትን፣ የምናጠናበትንና የምንተኛበትን፣ በምግብ ሰልፍና በልብስ አጠባ የሚያልፈውንም ብንቀንስ ለእያንዳንዳችን የራሳችን የሆነ ሰዓት ይተርፈናል። ይህን ሰዓት የምንሞላበትን ነገር በአማርኛ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እንለዋለን። እስቲ አጠራሩን ልብ እንበለው፤ ጊዜው «ትርፍ» ነው፣ ሥራውም «ማሳለፍ» ነው። በስሙ ከሄድን ነገሩ ሁሉ እንዲያው ቀኑ እስኪመሽ ድረስ የሚደረግ ነው ማለት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ግን ሌላ ነው። አንድ እጩ መምህር ዛሬ ደስ እያለው የሚያደርገው ነገር ነገ ክፍል ውስጥ ይዞት የሚገባ መሣሪያ ይሆነዋል።

ጉዳዩ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ስንመረቅ የምንመደበው ከከተማ ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ቢኖር እንኳ አንድ ቁም ሣጥን ቢሆን ነው። ከእኛ በፊት የወጡ መምህራን ሲያጫውቱን መጀመሪያ የሚያነሱት የደመወዙን ማነስ ነው፤ ቀጥሎ የሚያነሱት ግን የምሽቱን ርዝመት ነው። ምሽቱን የሚሞላበት ነገር ያጣ መምህር ወይ ጠጅ ቤት ይለምዳል፣ ወይ ሥራው ይሰለቸዋል። የሰለቸው መምህር ደግሞ መሰልቸቱን ለብቻው ይዞ አይቀመጥም፤ ለአንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት ያካፍለዋል። ስለዚህ «በምን ደስ ይለናል?» ብሎ መጠየቅ «ምን ዓይነት መምህር እንሆናለን?» ብሎ ከመጠየቅ የራቀ አይደለም። በዚህ ወሰነ ትምህርት በመካከላችን የተለመዱ ሦስት ነገሮችን ወስደን እንይ።

1ኛ. በድምፅ ማንበብ

በመኝታ ክፍላችን ማታ ከጥናት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። የጀመርነው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል፤ ትረካውን የሰሙ ታላላቆቻችን ዛሬም ያነሱታል። ለእኛ ደግሞ የተለየ ነገር አለው። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነውና የሙያ ወንድማችን ነው። ይሁንና ክርክሩ የሚጦፈው በፍቅሩ ብቻ አይደለም፤ ጉዱ ካሣ ሲነሳ አንዱ «ይሄ ሰውዬ ለይቶለታል!» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ከሁሉም ጤነኛው እሱ ነው!» ይላል። ብዙውን ጊዜ መብራቱ የሚጠፋው ሳንስማማ ነው።

ደስታው ይህ ነው። ትምህርቱስ? ፊደላችን የጎደለው አንድ ነገር አለ፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። «ገና» የሚለውን ቃል ብናላላው «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው፤ ብናጠብቀው የበዓሉ ስም ይሆናል። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ የምንዋኘው ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «አለ»ም ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ነው። በጽሑፍ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አንባቢው ትክክለኛውን ድምፅ የሚያወጣው ዓይኑ ከምላሱ ቀድሞ የዓረፍተ ነገሩን መልእክት ሲይዝለት ብቻ ነው።

ለብቻችን በዝምታ ስናነብ ይህን ዘለን ማለፍ እንችላለን፤ ሰው እየሰማን ግን አይቻልም፤ ተሳስተን ብናነብ ወዲያው ይሳቅብናል። ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለይቶ እያንዳንዷን ፊደል እየነጠለ የሚያነብ ሕፃንም የሚደናቀፈው እዚሁ ላይ ነው። የፊደሉን ስም ያውቃል፣ የቃሉን ሕይወት ግን አላገኘውም። እሱን የሚያድነው በትክክል የሚያነብለትን ሰው ደጋግሞ መስማቱ ነው። ያ ሰው መምህሩ ካልሆነ፣ መጽሐፍ በሌለበት ቤት ያደገ ሕፃን ከየት ይሰማል? መምህሩ ራሱ ማንበብ ካልጣመው ደግሞ ሕፃናቱ ቶሎ ያውቁበታል።

2ኛ. ዕፅዋትን መልቀምና መመዝገብ

ሁለተኛው አዲስ ልማድ የተጀመረው በሳይንስ ትምህርት ሰበብ ነው፤ አሁን ግን ቅዳሜ ጧት ያለ ማርክ የሚወጣ ሰው በዝቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠልና አበባ ያለው ትንሽ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ይዘረጋል፤ በላዩ ከባድ መጻሕፍት ወይም ድንጋይ ይጫንበታል። እርጥበቱ ሻጋታ እንዳያመጣ ጋዜጣው በየቀኑ ይለወጣል። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲደርቅ በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፍና ስሙ፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የለቀመው ሰው ስም ይጻፍበታል። ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ቅጠል ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ስለሚጎዳ የማናውቀውን ተክል ነክተን ዓይናችንን አንሽ።

የሚያስደስተው በስሙ ላይ የሚነሳው ጨዋታ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ወይራ» ያለውን ኦሮምኛ ተናጋሪው «ኤጄርሳ» ይለዋል፤ «ግራዋ»ም «ኤቢቻ» ይሆናል። ሁሉም የየአገሩን ስምና ጥቅም ሲያዋጣ አንዱ ወረቀት ሦስትና አራት ስም ይይዛል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች እንዳሉ ሊቃውንቱ ይገልጻሉ። እኛ ከግቢያችን አጥር ጥግ ያለውን እንኳ ለይተን አለማወቃችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚያሰኝ ነው።

ልብ ብሎ ማየት የት እንደሚያደርስ የእንዶድ ታሪክ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ደግሞ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የግድ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። እንግዲያው ቀንድ አውጣውን የሚገድል ተክል የበሽታውን መንገድ ይቆርጣል ማለት ነው። እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድን ያገራችን ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ሳይንቲስቱ የጨመሩበት ቆም ብሎ «ለምን?» ማለትን ነው። ይህን «ለምን?» ለልጆች ለማስተማር ላቦራቶሪ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወንዙም አጥሩም እዚያው አሉ።

3ኛ. ገበጣ

ሦስተኛው የድሮ ጨዋታ ነው፤ አዲስ የሆነው ለእኛ ነው። ገበጣ ብዙ ዓይነት አጨዋወት ስላለው ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ተጫዋቾች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጫወቱት ክርክር ነው! እኛ የተስማማንበት በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለውንና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር የሚገባበትን ነው፤ በድምሩ 48 ጠጠር ይሆናል። ተጫዋቹ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር በሙሉ አንስቶ በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። ዋናው ብልሃት ገና ጠጠሩን ሳያነሱ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ማወቅ ነው።

ታዲያ ይህ ሒሳብ አይደለምን? 48ን ለ12 ማካፈል፣ መደመርና መቀነስ፣ ከዚያም በላይ አስቀድሞ ማሰብ ሁሉም እዚያ አለ። ሕፃኑ ግን ሒሳብ እየሠራ መሆኑን አያውቅም፤ እየተጫወተ ነው። ወጪው መሬት መቆፈርና ጠጠር መልቀም ብቻ ስለሆነ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ አልተላከልንም» የሚባልበት ምክንያት የለም። ሆኖም ጨዋታው የማይጥመው መምህር ገበጣን እንደ ሌላው የቤት ሥራ ቢያዝዝ ልጆቹ ይሸሹታል።

ስልክስ? ኳስስ?

ደስታ ሁሉ ትምህርት ይሁን ማለታችን አይደለም። ኳስ አይቶ መጮህ፣ ቡና አፍልቶ መሳሳቅ፣ ከቤት የመጣ ዳቦ ቆሎ ተካፍሎ መብላት በራሳቸው ይበቃሉ። ስልክንም አናወግዝም፤ የአያቶችን ተረትና እንቆቅልሽ ለመቅዳት ከእሱ የተሻለ ምን አለ? መለኪያችን አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ለሌላ ሰው ላካፍለው የምችለው ነገር በእጄ ቀርቷል ወይ? ካልቀረ ጊዜው በእርግጥ «አልፏል»።

«ጊዜ የለንም፣ ፈተና ደርሷል» የሚሉ ጓደኞቻችን እውነት አላቸው። ስለዚህ ብዙ አንጠይቅም። በሳምንት ሁለት ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ደብተር ይበቃል። በደብተሩ ላይ የመጽሐፉን ርዕስና የደራሲውን ስም፣ ያልገባንን ቃል፣ ያከራከረንን ነጥብ መጻፍ፤ ተክልም ከሆነ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ። ይህ ደብተር ከዲፕሎማው ጋር በሻንጣችን ይገባል። በተመደብንበት ቦታ ምሽቱ ሲረዝምና የክፍሉ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ ስናገኘው የምንከፍተው እሱን ነው።

አሠልጣኞቻችንም በዚህ ሰሞን ምን እንዳነበቡ በዚሁ ግድግዳ ላይ ቢጽፉልን ደስ ይለናል። ገበጣ የሚችሉ ካሉ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠጠሩ ዝግጁ ነው።