ፍጥነት ወይስ ጽናት? የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ንጽጽር

ላፕቶፕ ሊገዛ ወደ ሱቅ የገባ ሰው አስቀድሞ «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ብቻውን ብዙ አይነግረንም። መብራት በጠፋበት ምሽት የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያጠናቅቅ ተማሪ ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ በእያንዳንዱ ጁል ኢነርጂ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ነው።

ነገሩ ከፊዚክስ ይጀምራል። በፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በተከፈቱና በተዘጉ ቁጥር ጥቃቅን ካፓሲተሮች ይሞላሉ፤ ይራገፋሉም። ለዚህ የሚውለው ኃይል ከድግግሞሹ እና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ያድጋል። ለምሳሌ በ3 ጊጋኸርዝና በ1.2 ቮልት የሚሠራን ኮር ወደ 2 ጊጋኸርዝና ወደ 0.9 ቮልት ብናወርደው ፍጥነቱ በሲሶ ይቀንሳል፤ የኃይል ፍጆታው ግን የቀድሞው 37.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሁለት ኮሮችን ብናጣምር፣ ሥራው ለሁለት የሚከፈል እስከሆነ ድረስ፣ በሦስት አራተኛው ኃይል የቀድሞውን ሥራ ከነሲሶው እናገኛለን።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ፔንቲየም 4 ድግግሞሹን ከፍ ለማድረግ የትዕዛዞችን ሂደት በ20 ደረጃዎች ከፋፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደረጃዎቹ 31 ደረሱ። ትርፉ ከባድ ሙቀት ሆነ። በአንጻሩ በእስራኤል፣ ሃይፋ የተነደፈው የ2003ቱ ፔንቲየም ኤም በ1.6 ጊጋኸርዝ እየሠራ ድግግሞሻቸው እጅግ ከሚበልጥ ፔንቲየም 4ዎች ጋር ተፎካከረ። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2006 ፊቱን ወደዚሁ መንገድ መለሰ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ አፕል በባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ውስጥ የነበረውን የኢንቴል ፕሮሰሰር በራሱ ኤም1 ተካው። የሁለቱም ባትሪ 58.2 ዋት-ሰዓት ነው። ኩባንያው ፊልም ለማሳየት የሰጠው አኃዝ ግን ለፊተኛው እስከ 10፣ ለኋለኛው እስከ 20 ሰዓት ነው። ስናካፍለው፣ ስክሪኑን ጨምሮ፣ አማካይ ፍጆታው ከ5.8 ወደ 2.9 ዋት ወርዷል ማለት ነው።

ብዙዎች ምስጢሩን ኤም1 ለሚከተለው የአርም ትዕዛዝ ሥርዓት ብቻ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ አራት ፈጣንና አራት ቆጣቢ ኮሮች፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ እሽግ የተቀመጠ ሜሞሪ እና የረቀቀ የአመራረት ስልት ድርሻቸው ትልቅ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 ያቀረበው ሉናር ሌክ የቀድሞውን የትዕዛዝ ሥርዓት ሳይለቅ በእነዚሁ ስልቶች የባትሪ ዕድሜን ማራዘሙ ለዚህ ማስረጃ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ላፕቶፕ ሲመርጡ የባትሪውን ዋት-ሰዓት በተነገረው ሰዓት ያካፍሉ፤ አኃዙ በምን ሥራ ላይ እንደተለካም ይጠይቁ። ፊልምን የሚፈታው ለዚሁ የተሠራ ቆጣቢ ሰርኪዩት ነው፤ ሁሉንም ኮሮች የሚያስጨንቅ ስሌት ግን ያንኑ ባትሪ በጥቂት ሰዓታት ይጨርሰዋል።