ሚልማን ፓሪና ማንበብ የማያውቁት ባለቅኔዎች

የሆሜርን ኢሊያድ በትርጉምም ቢሆን የገለጠ ተማሪ አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። አኪሌስ ተቀምጦ ሳለ እንኳ «እግረ ፈጣኑ አኪሌስ» ይባላል። መርከቦቹም ከባሕር ወጥተው አሸዋ ላይ ቆመው ሳለ ያው «ፈጣኖቹ መርከቦች» ናቸው። አንዳንዱ አንባቢ ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ ረቂቅ ምሥጢር አለበት ብሎ ትርጓሜ ይፈልግለታል። ሚልማን ፓሪ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ግን ከሁለቱም የተለየ መልስ ሰጠ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ፓሪ በ1902 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ ተወለደ። በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግሪክኛ ተማረ። ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ በ1928 በሶርቦን የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ ጽሑፉንም ያቀረበው በፈረንሳይኛ ነበር።

በሊቃውንት ዘንድ ያለው ክርክር በዚያን ጊዜ ያረጀ ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ አውጉስት ቮልፍ በ1795 መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ፣ አንዱ ወገን «ደራሲው አንድ ነው» ሲል ሌላው «ብዙ ናቸው» እያለ፣ ግጥሙን እንደ አሮጌ ልብስ ሲተረትሩትና መልሰው ሲጥፉት ኖረዋል። ፓሪ ወደዚህ ጠብ አልገባም። ቅጽሎቹን አንድ በአንድ ይቈጥር ጀመር።

የሆሜር ስንኝ ስድስት እግር ያለው ሲሆን፣ ረጅምና አጭር ድምፆች በተወሰነ ሥርዐት ይደረደሩበታል። ገጣሚው ኦዲሴውስን ሊጠራ ሲፈልግ፣ እስከ ስንኙ መጨረሻ የቀረው ቦታ ጠባብ ከሆነ «አምላክ መሳዩ ኦዲሴውስ» ይለዋል፤ ትንሽ ሰፋ ካለ «ባለ ብዙ ዘዴው ኦዲሴውስ»፣ ይበልጥ ከሰፋ ደግሞ «ብዙ የቻለው አምላክ መሳዩ ኦዲሴውስ» ይለዋል። እንግዲህ ቅጽሉን የሚመርጠው የታሪኩ ሁኔታ ሳይሆን የስንኙ ልክ ነው። ለአንድ ስም በአንድ ልክ የሚገኘው ቅጽልም ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰፊም ቍጥብም የሆነ መሣሪያ አንድ ሰው በዕድሜው ሊፈጥረው አይችልም፤ የብዙ ትውልድ ሥራ ነው አለ ፓሪ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የጠረጴዛ ሥራ ነው። መምህሩ አንትዋን ሜዬ ግን ነገሩ ከልማድ የተወረሰ ብቻ ሳይሆን በቃል የተገጠመም መሆን እንዳለበት አመለከተው፤ ጽሑፉ በሚፈተንበትም ቀን የዩጎዝላቪያን አዝማሪዎች ያጠናውን ማቲያ ሙርኮን ጋበዘ። ፓሪ ይህን በልቡ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከ1929 ጀምሮም በሃርቫርድ አስተማረ።

እኔ ከፓሪ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነው። ስሙን ያስጠራ መጽሐፍ ጽፏል፣ ሥራም ይዟል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ሳይወጣ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ቃል ግጥም ሊከራከር ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1933 የበጋ ወራት፣ እንደገናም ከ1934 እስከ 1935፣ ወደ ዩጎዝላቪያ ሄዶ ቋንቋቸውን ተምሮ ከአዝማሪዎቹ እግር ሥር ተቀመጠ። መሣሪያቸው ጉስሌ ይባላል፤ እንደ መሰንቆ ባለ አንድ ክር ሆኖ በደጋን የሚመታ ነው። እስላሞቹ አዝማሪዎች በረመዳን ወር ሌሊት ሌሊት በቡና ቤት ይዘፍኑ ነበር። የአንድ ሸክላ ፊት በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልቅ፣ ፓሪ ሁለት መዘውር ያለው መቅረጫ አሠርቶ ወሰደ፤ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እየተሻገረ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ይቀረጻል። ከ3,500 በላይ የአሉሚኒየም ሸክላዎች ሞላ። ተማሪው የነበረው አልበርት ሎርድ በረዳትነት አብሮት ነበር፤ የአገሩ ተወላጅ ኒኮላ ቩይኖቪችም አዝማሪዎቹን ይጠይቅለት ነበር።

ከጥያቄዎቹ አንዱ «የሰማኸውን ዘፈን ራስህ ስትዘፍነው ትለውጠዋለህን?» የሚል ነበር። ቃል በቃል ነው የምደግመው ብሎ የሚምል አዝማሪ ተገኘ፤ ሸክላው ሲሰማ ግን ስንኞቹ ሌላ ናቸው። ሰውየው አልዋሸም። መጽሐፍ ለማያውቅ ሰው «ቃል» ማለት እኛ በገጽ ላይ ነጥለን የምናየው ነገር አይደለም፤ ታሪኩ ካልተጓደለ ዘፈኑ ያው ነው።

ከሁሉ የበለጠው ባለቅኔ በቢዬሎ ፖልዬ አጠገብ የሚኖረው አቭዶ ሜዴዶቪች ነበር፤ ሥራው ሥጋ ሻጭ፣ ማንበብና መጻፍም አያውቅም። ፓሪ አቭዶ ሰምቶት የማያውቀውን ዘፈን ሌላ አዝማሪ በፊቱ እንዲዘፍን አደረገ። ዘፈኑ ከ2,000 ስንኝ በላይ ነበር። አቭዶ ወዲያው ያንኑ ታሪክ ተቀብሎ፣ ሰዎቹን እያስጌጠ፣ የልባቸውን አሳብ እየጨመረ ከ6,000 ስንኝ በላይ አደረሰው። በዚያው ዓመት፣ በ1935፣ ከ12,000 ስንኝ የሚበልጥ አንድ ዘፈን አስጻፈ፤ ይህም ከኦዲሴ ጋር የሚተካከል ርዝመት ነው። «ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ሊያስብ አይችልም» ይሉ ለነበሩት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ልማዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ያንን ስንኝ በልማዱ መሣሪያ ሦስት እጥፍ ያደረገው ግን አቭዶ ነው። ስለዚህ ፓሪ ሆሜርን አሳነሰው የሚሉት አልገባቸውም።

ፓሪ የሥራውን ፍሬ አላየም። ከዩጎዝላቪያ በተመለሰበት ዓመት፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1935፣ በሎስ አንጀለስ በአንድ ሆቴል ውስጥ ሽጉጥ ባርቆ ገደለው። ዕድሜው 33 ነበር። ሊጽፈው ከጀመረው መጽሐፍ የተገኙት ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው። የመጽሐፉን ስም ሎርድ ወሰደና «የተረት ዘፋኙ» ብሎ በ1960 የራሱን ሥራ አሳተመ፤ ዛሬ የቃል ግጥም የሚያጠና ሁሉ ከዚያ ይነሣል። ሸክላዎቹም በሃርቫርድ ይገኛሉ።

ክርክሩ ግን አልተዘጋም። የፓሪ ልጅ አዳም እንደ አባቱ የግሪክ ሊቅ ሆኖ፣ ኢሊያድ እንዲህ ያማረው በጽሕፈት እርዳታ ቢሆን ነው ሲል በ1966 ጻፈ። የአባቱንም ጽሑፎች ሰብስቦ፣ ሰፊ መግቢያ ጨምሮ፣ በ1971 ያሳተማቸው ይኸው ልጅ ነው።