ስለ ብረት መሰርሰሪያ መኪናና ስለ ሠራተኛው እጅ

ጤና አጠባበቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ውሃ ማፍላትንና እጅ መታጠብን ነው። የታጠበው እጅ በሥራ ቤት ጣቱን እንዳያጣ መጠበቅም የዚሁ ክፍል ስለ ሆነ፤ በዚህ ወር ስለ መሰርሰሪያ መኪና ጥቂት ልንገልጽ አስበናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፤ በጊንጪ፤ በአምቦ፤ በጉደርና በጌዶ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ቆሞ የሚሠራውን መሰርሰሪያ ሠራተኞቹ ድሪል ይሉታል። ሲታይ ገራም ነው፤ እንደ ብየዳ እሳት አይረጭም። የሚናቀውም ስለዚህ ነው።

10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፑንታ ተራ ብረት ሲበሳ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይኸውም በአንድ ሰከንድ ከ13 ዙር በላይ ነው። ፑንታውን የጨበጠው ራስ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ የተጠመጠመበትን ጨርቅ በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይስባል። የነጠላ ጫፍ፤ ያልተቆለፈ እጅጌ፤ የተንጠለጠለ ማተብ ወይም ያልታሰረ ጠጉር አንድ ጊዜ ከተያዘ፤ ሰውየው መኪናውን ለማጥፋት ጊዜ አያገኝም።

ይልቁንም ሰው የሚሳሳተው በጓንቲ ነው። ለበያጁ ጋሻ የሆነው የቆዳ ጓንቲ በድሪል ዘንድ ጠላት ነው። ባዶ ጣት የሚዞረውን ፑንታ ቢነካ ይቆስላል፤ ጓንቲ ግን ጣቱን ይዞ ይጠመጠማል። ስለዚህ ከብየዳ ወደ ድሪል የሚሻገር ሠራተኛ፤ የሚበሳው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ብትሆንም፤ ጓንቲውን ያውልቅ፤ የዓይን መነጽሩን ግን ያድርግ።

ብረቱንም በእጅ ይዞ መብሳት አይገባም። ፑንታው በስቶ ወደ ታች ሊወጣ ሲል ከቀዳዳው ጠርዝ ይጠመዳል፤ ያን ጊዜ ቀጭን ላሜራ እንደ ቢላዋ ይሽከረከራል። በሞርሳ ወይም በብሎን ከጠረጴዛው ጋር ይጠበቅ፤ ከሥሩም ጣውላ ይደረግለት፤ በመጨረሻው ላይ ግፊቱ ይቀነስ። የፑንታው ማጥበቂያ ቁልፍ ሳይነቀል መኪናው አይነሣ። ብናኙም መኪናው ቆሞ በብሩሽ ይጠረግ እንጂ በአፍ እፍ አይባል።

በከተሞቻችን መብራት ሄዶ መመለሱ የተለመደ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ማብሪያው ሳይዘጋ ቢቀር፤ ሠራተኛው ፑንታ ሲቀይር መብራቱ ይመለስና መኪናው በእጁ ላይ ይነሣል። መብራት እንደ ሄደ ወዲያው ማጥፋት፤ ፑንታ ሲቀየርም ሶኬቱን መንቀል ይገባል።

መምህራን በክረምት ወደ ሥራ ቤት ለሚገቡ ተማሪዎቻቸው ይህን እንዲነግሩልን እንለምናለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ አሠሪውም የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዝዛል።

አደጋ ከደረሰ አስቀድሞ መኪናው ይጥፋ፤ የሚደማው ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ። የተቆረጠ ጣት በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይታሰር፤ ላስቲኩም በረዶ ባለበት ዕቃ ይቀመጥ፤ ሥጋው ግን በረዶውን አይንካ። ብናኝ በዓይን ከገባ አይታሽ፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ተሰክቶ ከቀረም ሳይነካ ዓይኑ ተሸፍኖ ቁስለኛው ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት እንደሚያስፈልገው በጤና ጣቢያ ይጠየቅ።