ሾፌርነትና ባለመኪናነት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ጭነት የያዘ መኪና ሲያልፍ ስናይ፣ መሪውን የጨበጠው ሰው የመኪናው ባለቤት ይመስለን ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ሾፌሩ ደመወዝተኛ፣ ባለንብረቱም ሌላ ሰው ነው። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የያዘ፣ ማለትም የራሱን መኪና ራሱ እየነዳ በጭነት ኪራይ የሚተዳደር ሰው፣ ባለመኪና ሾፌር ይባላል። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ወጣቶች መካከል ይህን ኑሮ የሚመኙት ጥቂቶች አይደሉም። ለምኞቱም ሲባል በሬ ይሸጣል፤ የእቁብ ገንዘብ ይጠራቀማል፤ ከዘመድና ከባንክ ይበደሩበታል። የቤተሰብ ጥሪት በአንድ መኪና ላይ የሚውል በመሆኑ፣ ዝግጅቱ ምን ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እንመልከት። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስተው ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ሠርተዋል። ከዋሻው ወዲህ ብርዳሙ ደጋ፣ ከዋሻው ወዲያ ደግሞ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይገኛል። ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መንገድ የሚነጠለው ከዚሁ ከጣርማ በር አካባቢ ነው። የመርሐ ቤቴው ግን በሌላ አቅጣጫ ከሙከጡሪ ተነሥቶ፣ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶና ተመልሶ ወጥቶ ዓለም ከተማ ይደርሳል።

በእንዲህ ያለ አገር ከመውጣት ይልቅ መውረድ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጭነት የያዘ መኪና በረጅም ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ ሲያዝ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ይገባና መኪናውን ሞተሩ ራሱ ይዞት ይወርዳል፤ ፍሬኑም ለአስፈላጊው ጊዜ ይቆያል። ዳገቱ በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱ ይወረዳል የሚባለውም ስለዚህ ነው። በዚህ ላይ የጣርማ በር ጉም ይታከልበታል። ጉሙ ሲጠና ጥግ ይዞ መቆምን የማያውቅ ሾፌር ገና አልሠለጠነም ማለት ይቻላል።

ይህ ዕውቀት በመንጃ ፈቃድ ብቻ አይገኝም። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ዕድሜንና የትምህርት ደረጃን ይጠይቃል፤ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት የሚያጓጉዙ ሾፌሮችም ፈቃዳቸው የተለያየ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ነባር ሾፌሮች ሙያውን የተማሩት በረዳትነት ነው። ረዳት ጭነት ያስራል፤ ሸራ ያለብሳል፤ ጎማ ይፈታል፤ ሌሊትም መኪና ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ የመኪናን ድምፅ ለይቶ ማወቅን ይለማመዳል። የሙያውን ቃላትም የሚወርሰው በዚሁ ጊዜ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ልብ በሉ። ቋንቋችን መኪናውን ሲቀበል ስሙንም አብሮ እንደ ተቀበለ የሚያሳዩ ናቸው፤ ዛሬ በገበሬውም አፍ የሚነገሩ ስለ ሆነ እንግዳነታቸው ቀርቷል።

አሁን ሾፌሩን ከባለመኪናው ወደሚለየው ዋና ነገር፣ ወደ ሂሳቡ እንለፍ። ደመወዝተኛው ሾፌር የወር ደመወዙን ሲቀበል ገንዘቡ የራሱ ነው። ባለመኪናው ግን ከኪራይ የተቀበለው ገንዘብ ሁሉ የእርሱ አይደለም። የነዳጁ፣ የረዳቱና የደላላው ድርሻ ወዲያውኑ ስለሚከፈል አይረሳም። የሚረሳው በየጉዞው ቀስ በቀስ የሚያልቀው ነው። ለምሳሌ አንድ አይሱዙ ስድስት ጎማዎች አሉት። የአንዱ ጎማ ዋጋ 16,000 ብር ነው ብለን እናስብ፤ ስድስቱ 96,000 ብር ይሆናሉ። ጎማዎቹ 40,000 ኪሎ ሜትር የሚያገለግሉ ቢሆንና አንድ ደርሶ መልስ ጉዞ 500 ኪሎ ሜትር ቢፈጅ፣ ከ80 ጉዞ በኋላ ያልቃሉ። 96,000 ለ80 ሲካፈል 1,200 ብር ይመጣል። እንግዲህ ባለመኪናው ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ በኪሱ ካለው ገንዘብ 1,200 ብሩ የጎማ ነው ማለት ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ ጎማው ፈጥኖ ስለሚያልቅ ድርሻው ከዚህ ይበልጣል። ዘይቱ፣ የፍሬኑ ሸራ፣ ባሌስትራውና የሞተሩ ዕድሳትም በዚሁ ዓይነት ይሰላሉ። ይህን ሳያሰላ ኪሱ ሲሞላ ያተረፈ የመሰለው ሰው፣ ጎማው ያለቀ ዕለት ለመበደር ይገደዳል። ቀስ በቀስም መኪናው የአበዳሪው ይሆናል። በእኔ አስተያየት ከመሪው በፊት ደብተሩን መያዝ ይቀድማል፤ ለዚህም የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ይበቃል።

ጭነቱም አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ከመንዝ በግ፣ ገብስና ባቄላ፣ ከመርሐ ቤቴ ጤፍ ይወጣል፤ በደብረ ብርሃን ያሉት የቢራና የብቅል ፋብሪካዎችም ገብስ ፈላጊዎች ናቸው። ሲመለስ ደግሞ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ክረምት ሲቃረብም ማዳበሪያ ይጫናል። መኪናው ባዶውን ከተመለሰ ነዳጁን ሁሉ የሚችለው የመሄጃው ኪራይ ብቻ ነው። በተጨማሪም መንገድና ገበያ ባሉበት አይቆዩም። ቀድሞ ወደ አሰብ የሚወርዱ መኪናዎች በጣርማ በር ያልፉ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን አሰብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ፤ የወደቡ ጭነትም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የደሴው መንገድ በጦርነት ምክንያት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ኪራይ ይቆማል፤ የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም። ስለዚህ ለመኪናው መግዣ የመጨረሻዋን ሳንቲም ሳያስቀሩ ማውጣት አደገኛ ነው። ለጥቂት ወራት ቤተሰብን የሚያኖርና የብድሩን ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ መቆየት አለበት።

ግዢውን በሚመለከት፣ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ከታመነ መካኒክ ጋር ሄዶ መኪናውን ጭነት እንደ ያዘ ዳገት ላይ ቢያስነዳው መልካም ነው። በቀለም ያማረ መኪና በሻንሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ ሊኖረው ይችላልና ከሥር ገብቶ ማየት ነውር የለውም። ከዚህ በኋላ የመኪናው ፋይል ወዳለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዶ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበትና እንደሌለበት መጠየቅ ያስፈልጋል። በባንክ ዋስትና የተያዘ መኪና ገዝቶ መቸገር አለና። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን የተሟሉ መሆን አለባቸው፤ ሁለቱም በሕግ የታዘዙ ናቸው። የሽያጭ ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረማል። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተመቱት ጋር አንድ መሆናቸውን ገዢው ራሱ በዓይኑ ያመሳክራል፤ ገንዘብ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።